ትርፍ ክፍል ያለው ሰው

ሰው ሲያዩ ትርፍ ክፍሉ የሚታያቸው ሴት አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እትዬ አልማዝ እንዲያ ናቸው። አገር ቤት ላሉ፣ አካል ጉዳት ላለባቸው ወላጅ አልባ ልጆች እዚህ ፍራንክፈርት አሳዳጊ ያፈላልጋሉ። አንድ ቀን ትራም ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡና «ቤትህ ስንት ክፍል ነው?» አሉኝ።

«ሁለት» አልኩ። ቅዳሜ መጥተው ሊያዩት ተስማማን።

ንጉሥ የሚመጣ ይመስል ጋሉስ ሰፈር ያለችውን ቤቴን ስፈትግ ሰነበትኩ። መጋረጃ አጠብኩ። ሁለተኛ ወንበር ገዛሁ።

እትዬ አልማዝ አምስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥተው አዲሱ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ከቦርሳቸው የልጅ ፎቶ አወጡ፤ ልጁ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ይስቃል።

«ሊፍት የለውም እንዴ?»

«የለውም፣ እትዬ።»

በቅጡ ሳላየው ፎቶውን መልሰው ከተቱት። ከዚያ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ለልጁስ ሌላ ቤት አላጣም። አንተ ግን እዚህ ብቻህን እንዴት ትኖራለህ?»

እዚህ አገር ለጨነቀው ሰው አንድ መልስ አለ።

«ቴርሚን አለኝ» ብዬ በሩን ከፈትኩላቸው። ቅዳሜ ቢሮ ሁሉ ዝግ ነው፤ የምን ቀጠሮ? እሳቸውም ያውቃሉ፤ ቦርሳቸውን አንግተው ወረዱ።

አሁን ሁለተኛው ወንበር ላይ ካፖርቴን አስቀምጥበታለሁ።