ከፈርዖን ወታደሮች ጋር ስሰምጥ

ሠዓሊው መላኩ በሰፈራችን ቤተክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከፈርዖን ወታደሮች መካከል አድርጎ፣ በአንድ ዓይን ሣለኝ። በእኛ አገር በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ሰው መሆኑን የማያውቅ አለ?

ጥፋቴ ማንበቤ ነው። ሰውዬው ባሕር ሳላይ ባሕር አልሥልም ብሎ ከአዘዞ ተነሥቶ ጅቡቲ ወረደ። ባሕር ያየ ሠዓሊ ደግሞ ከመሣል ይልቅ መጻፍ ይቀናዋል። «ዛሬ ማዕበሉ አናገረኝ»፣ «ዛሬ ነፍሴ ጨው ጨው አለች» እያለ በየቀኑ በስልኩ ይለጥፋል። እኔ በአርባ ዓመቴ ፊደል የቆጠርሁት ሰውዬ አንዱንም ሳላስቀር አነበብሁለት። በመጨረሻ ግን መረረኝና «ግድግዳው ባዶ ነው፤ ና ቀባ» ብዬ ጻፍሁ።

መጥቶ ቀባኝ! ሥዕሉ የተገለጠ ዕለት ልጄ ሳትቀር ሳቀች። ሄጄ ያዝሁት።

«ምነው፣ ምን በደልሁህ?»

«ተናድጄ ነው፣ አያ ደሴ። ግን እኮ ያን ሁሉ ስጽፍ የመለሱልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እንግዲያ ዓይኔን መልስ!»

እየሳቀ መሰላሉን ወጣ። ባሕሩ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሸጋ ነው፤ ቀና ብዬ ሳየው ልብሴ የራሰ መስሎኝ ዳበስሁት። ፊቴን ወደ ምእመናኑ አዙሮ ሁለተኛውን ዓይኔን የጨመረልኝ ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ኅዳር 11 ቀን ነው።