ክቡር ኤቦና ደባላቸው

ከጠበቃ ይሰውራችሁ አልልም፤ ጠበቃ ለመሆን ከሚዘጋጅ ሰው ግን ይሰውራችሁ። ጠበቃው ቢያንስ ቢሮውን ቆልፎ ቤቱ ይገባል። የሚዘጋጀው አብሯችሁ ያድራል።

የእኔው ክቡር ኤቦ ክዋንሳ ይባላሉ። ጋና፣ ኬፕ ኮስት ከተማ፣ የተማሪዎች ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ። በወረቀት የጂኦግራፊ ተማሪ ናቸው፤ በልባቸው ግን ዲግሪውን እንደጨረሱ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ቀን ይቆጥራሉ። እኔ የማደሪያ ዕጣ ስላልወጣልኝ ወለላቸው ላይ ፍራሽ ዘርግቼ የምተኛ ደባል ነኝ። ደባል ክልክል ነው፤ ግማሹ ተማሪ ግን እንዲሁ ነው የሚኖረው። እኔን የሚለየኝ ውል መፈረሜ ብቻ ነው። «አንቀጽ ሦስት፦ ደባሉ ማንኮራፋት ይችላል፤ ሆኖም ከባለክፍሉ ቀድሞ መጀመር አይችልም።»

«እንደምን አደርክ?» ስላቸው፣ «ማደሬን በምን አረጋገጥክ?» ይሉኛል። ዋቼ የሚባለውን ሩዝና አደንጓሬ የምትሸጥልን፣ ሁላችንም አክስቴ የምንላት ሙኒራ ጋ አንዱ ሰልፍ ሲያቋርጥ፣ «ተቃውሞ አለኝ! ምስክር ይቅረብ!» ብለው ጎዳናውን ያናጉታል።

«አንተ ልጅ፣ እንቁላል ልጨምርልህ ወይስ ፍርድ?» ትላቸዋለች።

«ሁለቱንም፣ ክብርት ሆይ!»

ሁለት ዓመት ያነበቡለት የመግቢያ ፈተና ቀን ደረሰ። የሚጀምረው አራት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ተኩል ሲሆን ክራቫታቸውን አስረው ሊወጡ ሲሉ በሩ ተንኳኳ። የማደሪያው ኃላፊ ወይዘሮ አዶማኮ ናቸው። ፍራሼን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«እንግዳ ነኝ፤ ትናንት ነው የመጣሁት» አልኩ።

«እሺ፣ ሁለተኛ እንዳላይህ» ብለው ዞር አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ክቡር ኤቦ ግን አፋቸውን ከፈቱ።

«ተቃውሞ አለኝ! ደንበኛዬ ዐሥራ አራት ወር ሙሉ እዚህ ኖሯል። የተፈረመ ውል አለን!»

ውሉን አውጥተው ሰጧቸው። ክቡርነታቸውን አንቄ ልገድላቸው ምንም አልቀረኝ። ሁለታችንም ወደ ቢሮ ተጠራን።

«ምን ነካህ አንተ?» አልኳቸው ደረጃው ላይ።

«በውሸት ማሸነፍ አልፈልግም።»

«ፈተናህስ? በቃ ሂድልኝ፣ እኔ ዕቃዬን ጠቅልዬ እወጣለሁ።»

«ወጥተህ የት ልትገባ? መመረቂያህ ሁለት ወር ነው የቀረው። ደንበኛዬን ጥዬ አልሄድም።»

ድምፃቸው የችሎት ነበር። ቢሮ ገብተውም ተከራከሩ። ክፍሉን የምጠርገው እኔ መሆኔን፣ ጎረቤት አንድ ቀን እንኳ በእኔ እንዳልተማረረ፣ ዕጣ ያልወጣለት ሰውም መተኛት እንደሚያስፈልገው አስረዱ። ሰዓቱ ሦስት ተኩል አለፈ። ወይዘሮ አዶማኮ ውሉን ያነባሉ። አንቀጽ ሦስት ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«እስክትመረቁ ይቆይ። አንተ ግን ልጄ፣ ክራቫት ያሰርከው ለእኔ ነው?»

«ፈተና አለብኝ፤ አራት ሰዓት ላይ።»

«ኧረ አንተ ጅል!» ብለው የመኪናቸውን ቁልፍ አነሱ። የፈተናው በር ሊዘጋ ሲል አደረሱት።

ኤቦ ፈተናውን አለፈ። ግን አዲስ ገቢ የሕግ ተማሪ ሆኖ የማደሪያ ዕጣ ሳይወጣለት ቀረ። እኔ ደግሞ እዚያው ረዳት መምህር ሆኜ ክፍል ተሰጥቶኛል። አሁን ወለሌ ላይ የሚተኛው ኤቦ ነው። ውል ካልፈረምኩ አልገባም ስላለኝ የድሮውን ቃል በቃል ገለበጥኩለት።

አንቀጽ ሦስትን ግን ሰርዤዋለሁ። ኤቦዬ ቀድሞኝም ያንኮራፋ።