ለፊትዎ ወበቅ

የተማረ ሰው ሐሳቡን ከሚቀይር አገር ቢቀይር ይቀለዋል። ሌላው ሰው «ተሳስቼ ነበር» ብሎ ይገላገላል፤ እኛ ግን ለስህተታችንም ማስረጃ እንፈልጋለን። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም፤ ራሴን ነው። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ክርክር ወይም መጽሐፍ ቢሆን ደግሞ ባላፈርኩ ነበር። አንዲት አውራ ጣት የምታህል የፊት ቅባት ናት።

አብሮ አደጌ እመቤት ልታገባ ነው። የከተማችን የቆሰበር ቆንጆዎች ሲጠሩ ስሟ አይቀርም፤ ግን በቅርቡ ሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ማድያት ወጣባት። አማቷ የሚሆኑት የአዘናዋ እማማ የሽወርቅ ገና አላዩዋትም፤ «ምራቴ ፊቷ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው አሉ» እያሉ ለጎረቤት ሁሉ ማውራታቸውን ሰምታ እህል አልበላ ብሏታል። «ለአንድ ቀን ብቻ ይሸፈንልኝ፤ ከዚያ በኋላ ቀስ ብለው ይለምዱታል። አንቺ ያነበብሽ ነሽ፣ ምረጪልኝ» አለችኝ።

እኔ ፊት ከመታጠብ ያለፈ ሙያ የለኝም። ግን «ያነበብሽ» የተባለ ሰው «አላውቅም» ይላል?

እትዬ ዘሃራ ሱቅ ሄድን። እትዬ ዘሃራ ከመርፌ እስከ ጃንጥላ ይሸጣሉ፤ የሌላቸው ዕቃ ዝምታ ብቻ ነው። «ሉሊና» የሚባል አገር ውስጥ የተሠራ ፋውንዴሽን፣ ማለትም የፊት እንከን መሸፈኛ ቅባት፣ አውጥተው፣ ዝናብ የማይፈራ መሆኑን በልጆቻቸው ማሉልን። (የእመቤት አባት «ፋውንዴሽን» ሲባል ሰምተው የእርዳታ ድርጅት መስሏቸው ምዝገባው የት እንደሆነ ጠይቀዋል።) እኔ የስኳር መጠቅለያ ሳይቀር የማነብ ሰው ነኝና ካርቶኑን አገላብጬ አነበብኩ። «ለፊትዎ ውበት» ለማለት «ለፊትዎ ወበቅ» ተብሎ ታትሟል። ወበቅ! እርግጥ በቆሰበር ብርድ ለሰው ፊት ወበቅ መመኘት ከስህተት ይልቅ በጎ አድራጎት ነው። እኔ ግን ውበትን መጻፍ ያልቻለ ውበትን እንዴት ይሠራል ብዬ አብጠለጠልኩት። እትዬ ዘሃራ እስክጨርስ ጠብቀው፣ «አንቺ ልጅ፣ የምትቀቡት ፊደሉን ነው ወይስ ቅባቱን?» አሉኝ። ካርቶኑን መልሼ በኩራት ወጣሁ። ከባሕር ዳር በፈረንሳይኛ የተጻፈበት ሌላ ቅባት አስመጣሁ፤ አንድም የፊደል ግድፈት አላገኘሁበትም። ፈረንሳይኛ አለማወቄን ልብ ይሏል።

የሠርጉ ጠዋት እመቤትን በፈረንሳይኛው ቀባናት። መስታወት አየች። ፊቷ አመድ ላይ ተንከባሎ የተነሳ መሰለ፤ ማድያቱም ከሥር ብቅ ብሎ ያየናል። «እኔን ነው ወይስ ሬሳዬን ነው የምትድሩት?» ብላ እንባዋን ለቀቀችው። ለሠርጉ የተጠሩት እትዬ ዘሃራ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይናገሩ ፊቷን ጠርገው ሉሊናን ከቦርሳቸው አወጡና በሁለት ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉላት። ማድያቱ የት ገባ? የጓደኛዬ ፊት፣ ያው የማውቀው የራሷ ፊት፣ ተመልሶ መጣ። ሰው ይህን አይቶ ይማራል አይደል? እኔ ግን ከአቋሜ ላለመነቃነቅ ፈረንሳይኛውን ራሴ ተለቅልቄ ለሚዜነት ወጣሁ።

አዘና ልንደርስ ስንል መኪናው ጭቃ ያዘው። ወርደን በእግር ስንጀምር የሙሽራው ወገኖች በፈረስ እየጋለቡ ሊቀበሉን ወጡ፤ ዝናቡም ከፈረሶቹ እኩል ደረሰ። የእኛ አገር ዝናብ አያካፋም፤ ይደፋል። ጃንጥላው አንድ፣ ሰዉ ሃያ። እመቤት ምጥ እንደያዛት ሴት እጄን ጨምድዳ «አለቀልኝ!» አለች። ዞሬ አየኋት። ውሃው ጉንጯ ላይ፣ ጎመን ቅጠል ላይ እንዳረፈ ጠል ክብ ክብ እየሆነ ይንከባለላል፤ ቀለሙን ንክች አያደርገውም። አንዱ ፈረስ ጭቃ ረጨባት፤ በመሐረብ ጠረገችው። ጭቃው ሄደ፣ ሉሊና ቀረች! ስለ ሰው ልጅ ጥበብ ብዙ አንብቤያለሁ፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። አንድ ስሙን የማላውቀው፣ ፊደል የማይሆንለት ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ የእኛን መልክና የእኛን ዝናብ አስቦ ይህን በጥብጧል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለካ ለእኔ ነው! ልቤ እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

ስለ ራሴ ፊት ግን የነገረኝ የለም።

እማማ የሽወርቅ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁን። የእመቤትን አገጭ ቀና አድርገው ጉንጯን በአውራ ጣታቸው ፈተግ አደረጉት። ጣታቸውን አዩት፤ ንጹሕ ነው። በአዊኛ ምርቃታቸውን አወረዱና ወደ አማርኛ ተመልሰው፣ «ዝናቡ ሲያጥባት የባሰ ጠራች! ቀለም ያልነካት ልጅ ማለት ይቺ ናት!» አሉ። እልልታው ቀለጠ። እመቤት በፍርሃት መሬት መሬቱን ስታይ፣ ሰዉ ጨዋነቷን አደነቀ።

ቀጥሎ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ፈረንሳይኛው ከግንባሬ ተነስቶ ነጭ ጅረት እየሠራ አንገቴን አልፎ የሚዜ ልብሴን አዳርሶታል። እማማ የሽወርቅ በነጠላቸው ጫፍ አገጬን እየጠረጉ ከልባቸው አዘኑልኝ፦ «አይ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ቀለም ከምትለቀለቂ፣ አልፎ አልፎ እንኳ መጽሐፍ ብታነቢ ምን አለበት?»