ጋሽ ሀይለየሱስ ያልተናገሩት ጥርጣሬ

የትም አገር ይሁን፣ ሦስት ሐበሻ ከተቀመጠበት ገበታ አንዱ ፈታሽ ነው። ሌላው ሲጎርስ እሱ ይመረምራል፣ ሌላው ሲያጣጥም እሱ ያሸታል። ሲያትል ጃክሰን ጎዳና ላይ፣ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ክፍት በሆነችው ትንሽ የቻይና ቤት፣ ይህ ሹመት የክቡር ጋሽ ሀይለየሱስ ነበር።

ጋሽ ሀይለየሱስ ድሮ ሞያሌ ኬላ ላይ ሀያ ዓመት የጉምሩክ ፈታሽ ነበሩ። አሁን መሀል ከተማ ባለ የመኪና ማቆሚያ ከወይንሸትና ከአወል ጋር ማታ ማታ ትኬት ይቆርጣሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ሥራ ሲያልቅ ምግብ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው፤ ክፍት የሆነውም ኪስ ያራቁታል። ቻይና ቤት ግን በአራት ዶላር ሩዝ ከነአትክልቱ ተቆልሎ ይመጣል። ጋሽ ሀይለየሱስን እንቅልፍ የነሳቸው ይኸው ርካሽነቱ ነው። ገና ወንበር ሳይስቡ "ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር" ይላሉ። በአራት ዶላር ይህን ሁሉ የሚሰጥ ሰው ወይ ቅዱስ ነው፣ ወይ የሚደብቀው አለ፤ ቅዱስ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ አይሸጥም ባይ ናቸው።

ሻዩ ነፃ ስለሆነ ይጠረጠራል። ከሂሳቡ ጋር በሚመጣው ብስኩት ውስጥ ያለችውን የዕድል መናገሪያ ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ይከቷታል፤ አንድ ቀን ማስረጃ ትሆናለች። በር ላይ ካለው ገንዳ ውስጥ ያሉትን ዓሦች ሲገቡም ሲወጡም ይቆጥራሉ። አንድ ማታ ቁጥሩ አልጎደለም። ታዲያ አወል የበላው ዓሣ ከየት መጣ? የቤቱ ባለቤት፣ እነሱ እትዬ ዎንግ የሚሏት፣ ፈገግ ስትል ደግሞ ጥርጣሬያቸው እጥፍ ይሆናል። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ ወይንሸት ዓሣ ካዘዘች ከፊቷ ያነሱና "ይሄ ያደረ ነው" ብለው እስከ አጥንቱ ይጨርሱታል፤ ለእሷ የእሳቸውን ሩዝ ይሰጧታል።

አወል አንድ ቀን አላስቻለውም። "እና ጋሼ፣ ያደረ ከሆነ ለምን ጨረሱት?"

"ማጣራት አለብኝ" አሉ ጋሽ ሀይለየሱስ፣ አፋቸውን እየጠረጉ።

ወይንሸት ግን መሳቁን ትታዋለች። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ባለፈው ዓመት በሁለተኛው ወር ደስታዋን ለአገር ምድሩ አወራች፣ በሦስተኛው አስወረዳት። ከዚያ በኋላ ያገኛት ሰው ሁሉ "እንዴት ሆነልሽ?" ባለ ቁጥር እንደ አዲስ ማልቀስ ሆነ። ዘንድሮ ከባሏ ከዮሃንስ ጋር ተማማሉ፤ ሰባት ወር ሳይሞላ ትንፍሽ የለም። የሥራ ጃኬቷ ሰፊ ስለሆነ ይሸፍንላታል። አወል እንደሆነ የሰማውን ሳይነጋ ለከተማው ያዳርሳል። ጋሽ ሀይለየሱስ ደግሞ የጠረጠሩትን አፋቸው ውስጥ አያሳድሩም። ስለዚህ እሷም በተራዋ እሳቸውን መጠርጠር ጀመረች። ቀና ሲሉ ሆዷን ያዩ ይመስላታል፣ ዝም ሲሉ ደግሞ ይብስባታል።

ሰኔ ላይ አንድ ሌሊት፣ እትዬ ዎንግ ያልታዘዘ የዝንጅብል ሾርባ ይዛ መጣችና ወይንሸት ፊት ብቻ አስቀመጠች። የራሷን ሆድ ዳበስ ዳበስ አድርጋም ሳቀችላት። ወይንሸት ክው አለች።

አወል ማንኪያውን አስቀመጠ። "ለእሷ ብቻ ለምን?"

ጋሽ ሀይለየሱስ ሳህኑን ሳብ አደረጉት። "አላያችሁም ሆዷን ስትደባብስ? ይህን ሾርባ ጠጥታ ሴትዮዋ ራሷ ሆዷን አሟታል! ለወይንሸት የሰጠቻት ዝምተኛ ስለሆነች ነው።"

አወል ከወንበሩ እስኪንሸራተት ሳቀ፤ ጥያቄውንም ረሳው። ጋሽ ሀይለየሱስ ሁለት ማንኪያ ቀመሱና ሰዓታቸውን እያዩ አምስት ደቂቃ ሙሉ ጠበቁ። ከዚያ ሳህኑን መለሱላት። "ይኸው አልሞትኩም፤ ጠጪው።" ወይንሸት ጠጣችው።

እንደ ወትሮው ጋሽ ሀይለየሱስ አወልን በመኪናቸው አድርሰው፣ ዋይት ሴንተር ሰፈር ወይንሸት ደጅ ሲደርሱ መኪናቸውን ፓርክ አደረጉ። ሞተሩን ግን አላጠፉም። የተናገሩትም ፊት ለፊታቸውን እያዩ ነበር።

"ሞያሌ ላይ ሴቶች ሆዳቸው ላይ የኮንትሮባንድ ጨርቅ አስረው ነፍሰ ጡር ነን ይሉን ነበር። እውነተኛዋን የምለያት በአረማመዷ ነው።"

ወይንሸት ወደ እሳቸው ዞረች። "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት ጋሼ?"

"ከፋሲካ ማግስት።"

"ለማን ነገሩ?"

"ለማን እነግራለሁ? ፈታሽ ያየውን ሁሉ አያወጣም። ጨርቅ ያሰረችዋንም አንዳንዴ እያየሁ አሳልፋት ነበር።"

ያኔ ያደረ ነው እየተባለ ከፊቷ የተነሳው ዓሣ ሁሉ ትዝ አላት። ለካ ያ ሁሉ ማጣራት ለእሷ ነበር! ስትፈራቸው በመክረሟ አፈረች፣ እንባዋም መጣ። እሳቸው እንባ ስለማይወዱ "በይ ግቢ፣ ብርድ ነው" አሏት።

ሕፃኗ ሃሴት ኅዳር ላይ በደህና ተወለደች። ጋሽ ሀይለየሱስ አራስ ጥየቃ የመጡት ከእትዬ ዎንግ የተላከ ሾርባ ይዘው ነው፤ መንገድ ላይ እንደቀመሱት ጢማቸው ይመሰክራል። ገንፎ ቀረበላቸው፣ ቅቤው መሀሉ ላይ ቀልጧል። ማንኪያቸውን አንስተው፣ ቤት ሙሉ ሰው እያያቸው፣ ከዳር እስከ ዳር በረበሩት።

"ስንጥር አገኙ ጋሼ?" አለቻቸው ወይንሸት ከአልጋዋ ላይ።

"ገና እያጣራሁ ነው" አሉና ሳህኑን ጠርገው ጨረሱት።