ኤግዚቢሽኔን እንደ ስጥ ያነሳችው ሴት

ዛሬ ከሰዓት ባሮ ዳር በማይክ «ሌባ! ሌባ!» ስትል የሰማችኋት ሴት እኔ ነኝ። አዎ፣ የኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ። አዎ፣ እንግዳ ሁሉ ፊት።

ሌባ ያልኳት ደግሞ እናቴን ነው።

ቆይ፣ አትፍረዱብኝ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔ እዚህ ጋምቤላ ከተማ አይሲቲ አስተምራለሁ። የቀረውን ጊዜዬን ከሽቦና ከስፒከር ጋር ስታገል እንደማሳልፍ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ዘንድሮ ቪዲዮና ኢንስታሌሽን የምንሠራ ሰዎች ተሰባስበን የጋራ ኤግዚቢሽን እናሳይ ተባለና እኔም ዘው አልኩበት። የመጀመሪያዬ ነው። ወንዙ ዳር አንድ አዳራሽ ከነግቢው ተሰጠን። አዳራሹን ቪዲዮዎቹ ያዙት፤ አንዱ ጓደኛችን አሮጌ ጀልባ ውስጥ ቴሌቪዥን ደርድሮ ባሮን ያስፈስስበታል።

እኔ ግቢው ደረሰኝ። ሥራዬም የልብስ ገመድ ነው።

አትሳቁ እንጂ!

ከከተማው ሰው ልብስ ለመንኩ። የዓሣ አጥማጅ ሸሚዝ፣ የነርስ ጋውን፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭን ሰው ሰደርያ። እያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ትንሽ ስፒከር አለች። ሰው ጠጋ ሲል ሴንሰሩ ያውቅና የልብሱ ባለቤት ማውራት ይጀምራል። በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛ፣ በአማርኛ፣ ፊት ለፊት አመስግኖት የማያውቀውን ሰው ያመሰግናል።

የመጨረሻው ልብስ የእኔው ሰማያዊ የተማሪ ሹራብ ነው። እሱ ላይ የማመሰግነው እናቴን ነው። አገር ቤት፣ መቲ ላይ፣ የራሷን ቡና ለቅማ፣ አልበቃ ሲል የሰው ቡና ለቅማ ያስተማረችኝን። ክርኑ ሲቀደድ በማይመሳሰል ክር የጣፈችልኝን። ይህን ለእሷ በአፌ ልነግራት ስንቴ ሞክሬ ምላሴ ተሳስሯል። ስለዚህ «ሥራዬን መጥተሽ እይልኝ» ብዬ ለመንኳት። ገመዱ ላይ ያለው ሌላው ልብስ ለሕዝብ ነው፤ ያቺ ሹራብ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ናት። ቆማ ትሰማት ይሆን ወይስ ዝም ብላ ታልፋት ይሆን እያልኩ ሰነበትኩ።

«ስደርስ እደውላለሁ» ብላኝ ነበር።

አልደወለችም።

እኔ በር ላይ ማይክ ይዤ እንግዳ እቀበላለሁ። ስለ ሥራዬ ጥልቀት እያብራራሁ ነው፤ መቼም ማይክ ከያዝኩ አልለቅም። ከኋላዬ ሰማዩ ጠቁሯል፣ እኔ ምን አውቄ። ዞር ብዬ «ይኸው» ልል ስል፣ ገመዱ በግማሽ ባዶ ነው።

አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ልብሱን በእቅፏ ሙሉ አድርጋ ወደ በረንዳው ትሮጣለች።

«ሌባ! ሌባ! ኦሞድ፣ ያዛት!»

ኦሞድ ጥበቃችን ነው። ሮጠ። ሴትዮዋን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ የቀረውን ልብስ ከገመዱ ላይ ለቃቅሞ የነርሷን ጋውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተከተላት።

ግብረ አበር ሆነ በቃ።

ወንዝ የሚታጠቡት ሁሉ ሌባ ለማየት ሳሙናቸውን ሳያለቀልቁ ወጡ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ወረደ ስላችሁ ገና ሳልሮጥ በስብሻለሁ። እየተንሸራተትኩ በረንዳው ላይ ደረስኩና የሌባዋን ክንድ ጨምድጄ ያዝኩ። ዞር አለች።

እማዬ።

«ምን ያስጮህሻል? እንግዳ አለ አይደል እንዴ» አለችኝ።

መቲን የማታውቁ፣ እዚያ ደመና ሲጠቁር የተሰጣ ቡና ያየ ሰው ያነሳል። የማን ነው ብሎ ነገር የለም። ባለቤቱ ባይኖር እንኳ ሰብስቦ፣ ደጁ ላይ ሸፍኖለት ይሄዳል። እናቴ የሰው ስጥ ሲበሰብስ እያየች ልታልፍ ነው? ከመኪና ወርዳ በወንዙ በኩል ቀጥ ብላ ገባች፣ ደመናውን አየች፣ ገመድ ሙሉ ልብስ አየች። አለቀ።

«እማ፣ አትንኩ የሚል ጽሑፍ አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ዝናቡ ማንበብ ይችላል?»



«ደግሞ ሰዎቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ ረስተዋል» አለች። «ሁሉም ያወራል። እኔም እሺ፣ ቆይ፣ ባለቤቱን እጠራልሃለሁ እያልኩ ነው ያነሳሁት።»

ኦሞድን «ያዛት አላልኩህም?» ብለው፣ «ዝናብ መጣ። ልብስ ይቀድማል» አለኝ።

እውነቱን ነው። ስፒከሮቹን አንድ በአንድ ነካካሁ። ሁሉም ደረቅ ናቸው። እኔ ስለ ጥልቀት ስሰብክ ያ ሁሉ ልፋቴ፣ ያ ሁሉ በአደራ የወሰድኩት ልብስ ውኃ ሊበላው ነበር። እማዬ፣ ኦሞድ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ።

በዚያው ማይክ «ሌባ ያልኳት እናቴ ናት፣ ይቅርታ» አልኩ። ሰው በሳቅ ሞተ። ኦሞድ በረንዳው ላይ ሌላ ገመድ ወጠረልን፣ ልብሱን መልሰን ሰቀልን፣ ሰዉም ተጠጋግቶ መስማት ጀመረ።

ሹራቡ ግን የለም።

እማዬ ብብቷ ውስጥ ይዛዋለች።

«ያለውን ሰማሽው?» አልኳት።

«ዝናቡ እየጮኸ ምን ይሰማል። ይልቅ ልበሽው፣ ብርድ ይመታሻል።»

ጋምቤላ ላይ ብርድ! ከመቲ ቅዝቃዜ ለመጣ ሰው ግን አይነገርም። በአናቴ አጠለቀችልኝ። እምብርቴ ላይ ቀረ። ወደ ታች ልትጎትትልኝ ጎንበስ ስትል ደረቴ ማውራት ጀመረ። «እማዬ፣ ፊትሽ ቆሜ ማለት አቅቶኝ ነው፤ አመሰግንሻለሁ።» ስለ ቡናው፣ ስለ ክርኑ፣ ስለ ሁሉም።

እንግዳው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ነጠላዋን አውርዳ፣ አጣጥፋ፣ ፈታ እንደገና እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ «ይህን ለማለት ነው ይህን ሁሉ ገመድ የዘረጋሽው?» አለችኝ። ድምጿ ተሰብሯል።

ይኸው አሁን ዝናቡ አባርቷል፣ እንግዳው ሄዷል፣ ሁለታችን አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለናል። ይህን ስጽፍ እማዬ ወደ እኔ ጠጋ ትላለች። ሹራቡ ያመሰግናታል። ፈቀቅ ትላለች። ወንዙን የምታይ መስላ ትንሽ ትቆይና ደግሞ ጠጋ።

ባትሪው ሊያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ በራሴ አፍ ልናገር ነው ማለት ነው። እናንተ ሰዎች፣ ምን ይዋጠኝ?