ቅዳሴ ሳይወጣ አዲስ አበባ

መንገድ የሚረዝመው ቤት ለቀረ ሰው ነው። የሄደውማ ሲጠማው ይጠጣል፣ ሲደክመው አረፍ ይላል። የቀረው የት ይረፍ? እስቲ ንገሩኝ።

ይህን ያወቅሁት ልጄ የሺ ዓይኗን የታመመች ጊዜ ነው። ግራ ዓይኗ ላይ ነጭ ነገር ጣል አለባት። ጠበሉም ተሞከረ፤ የደብረ ታቦሩ ሐኪም ግን «አዲስ አበባ ቶሎ ካልደረሰች ዓይኗ ይጠፋል» አለን። በበቅሎማ እስክትደርስ ዓይኑ መች ይጠብቃታል? በሬያችንን ሸጠን በአይሮፕላን እንድትሄድ ሆነ። እኔ አራስ ነበርኩ፤ ባሌ ጫኔ ይዟት ሊሄድ ተነሣ።

ቀደም ብሎ ትኬት ሊቆርጥ ደብረ ታቦር አይሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ወርዶ «ስንት ቀን ይፈጃል?» ቢል፣ ቆራጩ ስቆ «ምን ቀን አለው? ቅዳሴ ገብቶ ሳይወጣ አዲስ አበባ ናችሁ» ብሎታል። አማቴ እማማ ትሁን ይህን ሲሰሙ፣

«ከእኛ ከአርብ ገበያ ደብረ ታቦር ሁለት ቀን፣ ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ አንድ ቅዳሴ? እንግዲያ አዲስ አበባ ጎረቤታችን ኑራለች!» አሉና የወር ስንቅ ቋጠሩላቸው።

በእኛ አገር መንገደኛ ሲወጣ ቤት አይጠረግም፤ መንገደኛውን አብሮ መጥረግ ነው ይባላል። በደኅና መግባቱ እስኪሰማ ይቆያል። ጥምቀት እንዳለፈ አባትና ልጅ ሲወጡ፣ እማማ ትሁን መጥረጊያውን ቆጥ ላይ ሸጎጡት።

ይሳፈራሉ የተባለው እሑድ ነው። ቅዳሴ ሲገባ ጀምሮ ሕፃኑን ታቅፌ ደጅ ቆምኩ። ቅዳሴ ወጣ።

«እማማ፣ ደረሱ እኮ! ልጥረግ?»

«ማን ነገረሽ?»

እውነት ማን ነገረኝ? ሰዉ በክንፍ ይሄዳል፤ ወሬው በእግሩ ይመጣል። አያችሁ የዘመኑን ሥልጣኔ!

ቀን ቀንን ወለደ። ቤቱ ገለባና የዶሮ ላባ ሞላው። የሺ ልትሄድ ስትል የላጠችው የባቄላ ቆሎ ልጣጭ ምድጃው አጠገብ እንደተበተነ ነው። መጀመሪያ አስጠላኝ። ኋላ ግን እንዳልረግጠው እየዞርኩ አልፍ ጀመር።

በቅበላ ሰሞን ውሻው ጮኸ። ብወጣ ጫኔ በቅሎ እየሳበ፣ የሺ በላይዋ! እንባዬ ቀደመኝ። እሷ ወርዳ ሮጣ ገባችና ደኅናውን ዓይኗን በመዳፏ ከደነች። በታመመው ዓይኗ ወለሉን ቃኝታ፣

«እማዬ፣ ልጣጬ እዚያው ነው!» አለች።

እልል ብዬ ወደ ቆጡ ዘልዬ መጥረጊያውን ልይዝ ስል ጫኔ፣ «በደኅና መግባታችንን በነጋዴው በአያ ታደገ ልኬባችሁ ነበር፤ አልመጡም እንዴ?» አለ። በደሴ ዞረው በዋድላ የሚመጡ ሰው ናቸው።

እማማ ትሁን እጄን ያዙኝ። «ተይው። ታደገስ የእናት ልጅ አይደለም? መንገድ ላይ ነው።»

ስለዚህ ጠበቅን። ጾም ከተያዘ በኋላ አያ ታደገ አቧራ ለብሰው ደረሱ። የሺ ውሃ አቅርባ እግራቸውን ታጥባቸው ጀመር። እሳቸው በድካም አንገታቸውን ደፍተው፣ ማን እንደምታጥባቸው እንኳ ሳያዩ፣

«የሺና አባቷ አዲስ አበባ በደኅና ገብተዋል፤ አታስቡ» አሉ።

«እሰይ፣ ተመስገን!» አሉ እማማ ትሁን፤ መጥረጊያውን ከቆጡ አውርደው ሰጡኝ። «በይ አሁን ጥረጊ ልጄ። ሁሉም ገባ።»