ለጣቢያ ሲባል የተነቀለ ሐዲድ

የትውልድ ከተማውን ተሸክሞ የሚዞር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ካርቱም ሁለት በሚባለው የካርቱም ሰፈር ውስጥ አንድ አዳራሽ ሙሉ ገጥሞኛል።

ግርማ የሚባል ኤሌክትሪሻን ወዳጃችን ከካርቱም አዲስ አበባ የሚደርስ ትንሽ የባቡር መስመር ጠረጴዛ ላይ ሠራ። የካርቱም ኢትዮጵያውያን ማኅበራችን «ለሕዝብ ይታይ» ሲል አስተባባሪነቱ እኔ ላይ ወደቀ።

በሩ እንደተከፈተ ከዚያው ከካርቱም፣ ከሪያድ ሰፈር የመጡት እትዬ አልማዝ ጠረጴዛውን አንዴ ዞሩና፣ «የጎንደር ጣቢያ የታለ?» አሉ። ጎንደር ባቡር የገባው መቼ ነው? ቢሆንም ትልቅ ሰው ናቸው፤ ግርማ ከካርቶን ቆርጦ አንድ ጣቢያ ሠራላቸው። ይኼኔ ከከተማው ዳር ከሶባ የመጣው ተስፋዬ ተነሳ። «ወላሂ፣ ይኼን ሁሉ መንገድ በሚኒባስ የመጣሁት ደሴ ስትዘለል ለማየት ነው?» ደሴም ተሠራች። ጅማ ተከተለች። የነቀምቱ ሰው አኮረፈ፤ ተሠራለት። ቦታ ሲጠፋ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሐዲዱን ነቀሉት። አዎ፣ ለጣቢያ ቦታ እንዲለቅ ሐዲዱን ነቀሉት፤ ግርማም ባቡሩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ጥግ ላይ ቆመ።

በመጨረሻ ሱዳናዊው ጎረቤታችን ሐጅ ዑስማን ገቡ። ጣቢያዎቹን አድንቀው ሲያበቁ፣ «ባቡሩስ መቼ ነው የሚነሳው?» ብለው ጠየቁ።

«ኢንሻላህ» አሉ ሁሉም። በዚያን ቀን የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

እንዲህ ካለ ሰው ጋር ወዴት ይደረሳል? እኔ በበኩሌ ያገሬ ልጅ፣ የወንዜ ልጅ የሚባል ነገር አልወድም። ግን እስቲ ፍረዱኝ፤ የእኛን የደብረ ማርቆስን ጣቢያ ከለስላሳ መጠጥ ሣጥን ጀርባ የወሸቀው ማነው?